የእናቴ ሹራብ፦ ይታጠብ ወይስ እንዳለ ይቀመጥ?

ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእህቴ ጋር ሆነን የቤቷን ዕቃ ስንለይ ሰንብተናል። መጻሕፍቱም፣ የወጥ ቤቱ ዕቃም ያን ያህል አላስቸገሩንም። ቁም ሳጥኗ ላይ ስንደርስ ግን እጃችን ታሰረ። ለትልልቅ ቀን ብቻ የምታወጣቸውን ቀሚሶች አጣጥፈን ለዘመድ አደልን፤ እነርሱ ሲሄዱ ይህን ያህል አለመክበዱ እኔንም ገርሞኛል። ልለየው ያቃተኝ ቤት ውስጥ በየቀኑ የምትደርበውን ግራጫ የሱፍ ሹራብ ነው።

ላላየው ሰው ምንም የሌለው ሹራብ ነው። የቀኝ ኪሱ ከግራው ዝቅ ብሎ ተለጥጧል፤ መነጽሯንና ቁልፎቿን የምትከተው እዚያ ነበር። ከላይ ሦስተኛው ቁልፍ ከቡናማዎቹ መካከል ብቻውን ጥቁር ነው። የግራ ክርኑ ተቀድዶ በክር ተደፍኗል፤ የተደፈነበት ክር ከሹራቡ ቀለም ጥቂት ይፈካል። ኮሌታው አካባቢ ደግሞ ሽታዋ አለ። ሳሙናዋ አለበት፣ የእጅ ቅባቷ አለበት፣ ከሁለቱም ያልሆነ የራሷ ብቻ የሆነ ነገርም አለበት።

እህቴ «ሳይታጠብ ከተቀመጠ ብል ይጨርሰዋል፤ አጥበን በንጽሕና እናስቀምጠው» ትላለች። እንደማትሳሳት ይገባኛል። ነገር ግን ከታጠበ በኋላ የሚቀረኝ ምንድን ነው? ሽታውም ቢሆን ከረጢቱን በከፈትሁ ቁጥር እየሳሳ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠማችሁ ምን አደረጋችሁ? ስለ ሌላ ልብስም ቢሆን፣ ያስቀመጣችሁትን ለምን እንዳስቀመጣችሁት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የቁም ሳጥን ቁልፍ

መጽናናቱን ይስጥሽ፣ እህቴ። እንዳታጥቢው። የአባቴን ሻርፕ ቤት ሊያጸዳልን የመጣ ዘመድ፣ በፍጹም ቅንነት፣ ከአንሶላው ጋር ጨምሮ አጠበው። ሻርፑ አሁንም አለ፣ ቀለሙም አልለቀቀም። ስዘረጋው የሚመጣልኝ ግን የሳሙና ሽታ ነው። ዘመዳችንን አልቀየምሁትም፤ ሻርፑን ግን ከዚያ ወዲህ ብዙም አላወጣውም።

ባለ መርፌ

ነፍስ ይማር፣ ልጄ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በዚህ ሙያ ሸምግያለሁ። ወደ እኔ ከሚመጣው ሥራ አንዱ እንዲህ ያለው ነው፦ ልጅ የአባቱን ኮት ይዞ ይመጣና «በልኬ አድርግልኝ» ይለኛል። መቀሱን ከማንሳቴ በፊት ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አየዋለሁ፤ ሰውየውን ባላውቀውም ብዙ ነገሩን ከኮቱ አገኛለሁ።

በቀኝ እጁ ሲጽፍ የኖረ ሰው የቀኝ እጅጌው ጫፍ ከሥር በኩል ቀድሞ ይሳሳል፤ ጠረጴዛ የሚፈትገው ያን ወገን ነውና። ቦርሳ አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው የአንደኛው ትከሻ ጨርቅ ይለሰልሳል፣ ጸጉሩም ይነቀላል። ቆሞ ሲያወራ እጁን ኪሱ ውስጥ የሚከት ሰው የኪሱ አፍ ይከፈታል። አንደኛው ትከሻ ከሌላው ዝቅ ያለ እንደሆነ ገበሩ በአንድ በኩል ተጨማድዶ ይገኛል። ኮሌታው ከውስጥ የተበላው ጢም በሚያበቅል ሰው ላይ ነው። ይህን ሁሉ ያደረገው ልብስ ሰፊ አይደለም፤ ሰውየው ራሱ በየቀኑ ሲኖርበት ያደረገው ነው።

ስለዚህ ጥያቄሽ የሽታ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሱፍ በእርጥበትና በሙቀት የያዘውን ቅርጽ ይለቅቃል፤ ካውያ በእንፋሎት ሲያልፍበት የሚስተካከለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የእናትሽን ሹራብ ነክረሽ፣ ዘርግተሽ፣ አስተካክለሽ ብታደርቂው ክርኑ ላይ ያለው እብጠት ይጠፋል፣ የወረደው ኪስም ይሰበሰባል። ንጹሕ ሹራብ ይኖርሻል፤ የእርሷ ክንድ ግን ከውስጡ ይወጣል። ሽታው አንድ ቀን መሄዱ አይቀርም፤ ቅርጹ ግን ካልነካሽው ብዙ ይቆያል። እኔ ብሆን ለቅርጹ ነው የምሳሳለት።

ሌላው የገረመሽን ነገር ልመልስልሽ። ምርጥ ቀሚሶቿን መስጠት ለምን አልከበደሽም? ሰዎች ማስታወሻ ሲመርጡ ዓይናቸው ወደ ምርጡ ይሄዳል። ምርጡ ልብስ ግን ባለቤቱን ብዙም አያውቀውም፤ በዓመት ለጥቂት ሰዓት ነው አብረው የሚውሉት። አንቺ ያስቀረሽው ከእርሷ ጋር የኖረውን ነው። ደግ አድርገሻል።

ቀላል ሻንጣ

የሁላችሁንም አነበብሁ፤ እኔ ግን የምለው ሌላ ነው። ማንንም ለማስቀየም አይደለም።

ታላቅ ወንድሜ በወጣትነቱ ሞተ። እናታችን ልብሶቹን አንድም ሳታስነካ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠች። በሩ ተዘግቶ ይኖር ነበር። በአጠገቡ ስናልፍ ድምፃችንን እንቀንስ ነበር፤ ሙዚቃ መክፈት፣ መሳቅ፣ ጓደኛ ቤት ማምጣት ሁሉ በዚያ በር ይለካ ነበር። እኔና ታናሼ ያደግነው ከወንድማችን ሳይሆን ከወንድማችን ልብስ ጋር ነው ብል አላጋነንሁም። አንድ ቀን እናቴ ራሷ፣ ማንም ሳይገፋፋት፣ በሩን ከፈተችና ሁሉንም አውጥታ ለሚለብሱ ሰዎች ሰጠች። በዚያው ሰሞን መንገድ ላይ ካፖርቱን ለብሶ የሚሄድ የማላውቀው ሰው አየሁ። ብርድ ነበር፤ ሰውየው እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይራመዳል። ደስ አለኝ። ከልቤ ደስ አለኝ። ካፖርት የተሠራው ለዚያ ነው።

ከእርሱ አንድም ልብስ የለኝም፤ ሳቁን ግን አልረሳሁትም። ማለዳ፣ አስቀምጪው ወይም አታስቀምጪው ማለቴ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ካንቺ ሌላ ሰው የሚኖር ከሆነ ግን ያ ከረጢት በእነርሱ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ አንዳንድ ጊዜ ጠይቂያቸው። ልጆች ሳይጠየቁ አይናገሩም።

ማለዳ

ቀላል ሻንጣ፣ ይህን ስለጻፍህልኝ አመሰግናለሁ። በሩን ስትገልጸው ታየኝ። የእኔ አንድ ሹራብ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ምክርህን ይዣለሁ።

ጋሽ ባለ መርፌ፣ ስለ ክርኑ የነገሩኝን ካነበብሁ በኋላ ተነሥቼ አየሁት። እውነትዎን ነው፤ እጅጌው ባዶውንም ትንሽ ይታጠፋል።

የሁለት ልጆች እናት

እኔ የማስቀምጠው ከሞተ ሰው የቀረ ልብስ አይደለም፤ ልጆቼ ጤነኞች ናቸው፣ አድገዋል። ግን የሕፃንነት ሸሚዛቸውን መስጠት አልቻልሁም። ከመዳፌ ብዙም የማይበልጥ ሸሚዝ ነው፤ በአንገቱ በኩል ያገሳው ወተት ቢጫ አድርጎታል። አሁን ከእኔ የሚረዝመው ልጄ ያን እጅጌ በሁለት ጣቱ ይዞ «እውነት እዚህ ውስጥ ገብቼ ነበር?» አለኝ። ለእርሱ እንግዳ ዕቃ ነው። ለእኔ ደግሞ ያ ክብደት ደረቴ ላይ እንደነበረ የሚመሰክርልኝ ሌላ ማንም የለም። የሕፃን ሰውነት ከማንኛውም ሰው ሰውነት ፈጥኖ ይጠፋል፤ ልጁ እያለ የነበረው ልጅ አይኖርም። ይህን ሐዘን ብሎ መጥራት የሚከብዳቸው ሰዎች አሉ። እኔ አይከብደኝም።

ስለ ማጠቡ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዶናልድ ዊኒኮት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ትንንሽ ልጆች ሙጭጭ ስለሚሉባቸው ብርድ ልብሶችና ጨርቆች ጽፏል። ልጁ እናቱ ከጎኑ በሌለችበት ጊዜ የሚጽናናበት ነገር ነው። ወላጆች ጨርቁ ቢቆሽሽና ቢሸትም እንኳ ዝም እንደሚሉ ይገልጻል፤ ምክንያቱም ካጠቡት ለልጁ ያ ነገር ያው ነገር መሆኑ ይቋረጥበታል። ታላቁ ልጄ ብርድ ልብሱ ታጥቦ ሲመለስለት እንደ ባዕድ ገፍትሮት ያለቀሰበትን ቀን አስታውሳለሁ። ማለዳ፣ «ከታጠበ በኋላ የሚቀረኝ ምንድን ነው» ያልሽውን ሳነብ እርሱን ነው ያሰብሁት። ትልቅ ሰው ስለሆንሽ ጥያቄው ትንሽ አይሆንም።

ነርሷ

የሥራዬ ነገር ሆኖ የሟቾችን ልብስ በከረጢት አድርጌ ለቤተሰብ የማስረክብበት ጊዜ አለ። ብዙዎቹ ከረጢቱን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ማየት አይደለም፤ ወደ ፊታቸው ማስጠጋት ነው። ማንም አላስተማራቸውም።

ምክንያቱ በአንጎል አሠራር ውስጥ አለ። የምናየውና የምንሰማው ነገር ሁሉ ወደሚተረጎምበት ቦታ ከመድረሱ በፊት ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል በኩል ያልፋል። ሽታ ግን ይህን መንገድ ሳይጠብቅ ስሜትን ወደሚያስተናግደው ወደ አሚግዳላ ይደርሳል፤ ትውስታን የሚይዘው ሂፖካምፐስም እዚያው አጠገብ ነው። ለዚህም ነው ሽታ ሲመጣ ሰውየውን ከማሰባችን በፊት እንባችን የሚቀድመው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ወንዶች ንጹሕ ካናቴራ ለአንድ ሙሉ ቀን ይለብሳሉ፤ ሽቶም ሆነ ዲኦዶራንት አይቀቡም። ከዚያ 96 ሴቶች ከሦስት ዓይነት ካናቴራ አንዱን ያሸታሉ፦ የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛቸውን፣ የማያውቁትን ሰው፣ ወይም ማንም ያልለበሰውን። ቀጥሎ ውጥረት የሚፈጥር ፈተና ይሰጣቸዋል። የጓደኛቸውን ሽታ ያሸተቱት የተሰማቸው ጭንቀት ያነሰ ነበር፤ የማያውቁትን ሰው ያሸተቱት ደግሞ ኮርቲዞል የተባለው የውጥረት ሆርሞን መጠናቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ስለዚህ፣ እህቴ፣ ሹራቡን ስታሸቺ የሚሰማሽ ዕረፍት የሐሳብ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ሰውነትሽም ያውቀዋል።

አንድ ተግባራዊ ነገር። ሽታ ማለት ከጨርቁ ላይ እየተነነ የሚሄድ ነገር ነው። ከረጢቱ በተከፈተ ቁጥር የተወሰነው አየር ላይ ይቀራል። አፍንጫ ደግሞ በአንድ ሽታ ላይ ሲቆይ ቶሎ ይለምደውና መስማት ያቆማል። አንዳንዴ «ጠፋ» የምንለው ጠፍቶ ሳይሆን ደጋግመን ስለሳብነው ነው። ጥቂት ጊዜ፣ አጭር ጊዜ ክፈቺው።

የተረፈው

አደጋ ደርሶብኝ የነፍስ አድን ሠራተኞች ሸሚዜን በመቀስ ከፊት ለፊት ሰንጥቀውታል። ሁለቱ ክፍሎች ሳጥን ውስጥ አሉ። ባለቤቴ ማየት አትወድም፤ ስለዚህ እርሷ ከማትከፍተው ቦታ አስቀምጬዋለሁ። እኔ ስመለከተው የሚታየኝ ደሙ ሳይሆን የመቀሱ መስመር ነው። አንድም ቦታ አልተጣመመም። ያን ያህል የቸኮለ ሰው ያን ያህል ቀጥ አድርጎ የቆረጠው ለእኔ ነው። ስሙን አላውቅም። ሸሚዙን የማልጥለው ለእርሱ ብዬ ነው።

ዕቃ ጠባቂ

ማለዳ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። በሙዚየም የጨርቃ ጨርቅ ክምችት ክፍል ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። እህትሽም አንቺም እውነት አላችሁ፤ ሁለቱንም የሚያስታርቅ መንገድ አለ።

ከእህትሽ ልጀምር። ብልን በተመለከተ ያለችው ትክክል ነው። የሚበላው በራሪው አይደለም፤ በራሪው ጭራሽ ምግብ አይበላም። የሚበላው ዕጩ፣ ማለትም ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ነው፤ የሚፈልገውም ኬራቲን የተባለውን ፕሮቲን ነው። ሱፍ፣ ጸጉር፣ ላባ ሁሉ ኬራቲን ናቸው፤ ሐርም አይተርፍም። ጥጥና ሰው ሠራሽ ጨርቅ ምግቡ አይደሉም፤ ላብ ወይም የምግብ ጠብታ ካለባቸው ግን እነርሱንም ሊጎዳቸው ይችላል። ጨለማና ጸጥታም ይወዳል። ሳይታጠብ ተጣጥፎ፣ ማንም በማይነካው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ የሱፍ ሹራብ እንግዲህ ከሁሉም የሚመቸው ነው።

ነገር ግን ብልን ለማስወገድ ማጠብ ግድ አይደለም። ሹራቡን በወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት አድርገሽ፣ አየሩን በቀስታ አውጥተሽ፣ አፉን በደንብ ዝጊውና ቢያንስ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሁለት ሳምንት አስቀምጪው። ዕንቁላሉም ዕጩም ይሞታል። ሲወጣ ከረጢቱን ወዲያው አትክፈቺ፤ አንድ ቀን ሙሉ ይደርና የክፍሉን ሙቀት ይያዝ። ቶሎ ከተከፈተ የአየሩ እርጥበት በቀዝቃዛው ሱፍ ላይ ውሃ ይሆናል፣ ከዚያ ሻጋታ ይከተላል።

ናፍታሊን አትጠቀሚ። የእናትሽን ሽታ በአንድ ሌሊት ይውጠዋል። ከዚያም በላይ ትነቱ ለጤና አደገኛ ነው፤ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት በናፍታሊን ውስጥ የቆየ ልብስ ወይም ብርድ ልብስ ሲነካቸው ቀይ የደም ሕዋሳታቸው እንደሚፈራርስ በሕክምና የታወቀ ነው።

በመስቀያም አትስቀዪው፤ ሹራብ በራሱ ክብደት እየረዘመ ትከሻው ላይ ጉብታ ያወጣል። አሲድ የሌለው ስስ ወረቀት በእጅጌዎቹ ውስጥና በመታጠፊያዎቹ ላይ ጠቅልለሽ አድርጊና ጋደም አድርገሽ ሳጥን ውስጥ አኑሪው። ተራ ካርቶንና ያልተቀባ እንጨት ከጊዜ ብዛት አሲድ ያወጣሉና ጨርቁ በቀጥታ አይንካቸው። የፀሐይ ብርሃን አያግኘው። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ አውጥተሽ ስፌቱን ተመልከቺ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። እኛ ሙዚየም ውስጥ ያሉ ሰዎች ቆሻሻ ሁሉ ይወገድ አንልም። የለበሰው ሰው የተወው ምልክት ማስረጃ ነው። የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን በጥቅምት 1805 በትራፋልጋር የባሕር ጦርነት የተመታበት ኮት ዛሬም ግሪኒች በሚገኘው የባሕር ሙዚየም አለ። በግራ ትከሻው ጥይቱ የገባበት ቀዳዳ ይታያል፤ የደም እድፍም ከላዩ ላይ አልታጠበም። ያን እድፍ ቢያጥቡት ኖሮ የቀረው የባሕር ኃይል ኮት ነበር፤ ያን ዓይነት ኮት ደግሞ ብዙ መኮንን ለብሷል።

ሳልሸሽግ የምነግርሽ ግን ላብና የሰውነት ቅባት ከጊዜ ብዛት ሱፍን ያጠቁራሉ፣ ክሩንም ያደክማሉ። ሳይታጠብ ማቆየት ዋጋ አለው። ዋጋውን አውቀሽ ከመረጥሽው ምርጫሽ ትክክል ነው።

አዲስ ገጽ

ሌላም መንገድ አለ። የአያቴን ሸሚዞች ቆራርጠን አንድ ብርድ ልብስ ሰፋን፤ ልጆቹ ሁሉ አብረውት ይተኛሉ። በቁም ሳጥን ከሚደበቅ ሰው ላይ ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ።

በዓለም ላይ ትልቁ የዚህ ዓይነት ሥራ በአሜሪካ በኤድስ ለሞቱ ሰዎች የተሰፋው የመታሰቢያ ብርድ ልብስ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ 90 በ180 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የመቃብር ስፋት ማለት ነው፤ ወዳጅ ዘመድ የሟቹን ስም ይሰፋበታል፣ ብዙዎቹም ከራሱ ልብስ፣ ከሸሚዙ፣ ከጂንስ ሱሪው ቀድደው ይጨምሩበታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት 1987 በዋሽንግተን አደባባይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘረጋ 1,920 ቁራጮች ነበሩት፤ ዛሬ 50,000 ገደማ ደርሷል። በጊዜው ብዙዎቹ ሰዎች ስማቸው በይፋ እንዳይጠራ የሚፈለግባቸው ነበሩ። ሸሚዛቸው ስማቸውን ይዞ አደባባይ ወጣ።

ባለ መርፌ

አዲስ ገጽ፣ የሸሚዝ ጨርቅ ለዚህ ሥራ የታደለ ነው፤ እኔም ብዙ ሰፍቻለሁ። ሹራብ ግን እንዲሁ አይቆረጥም። ከአንድ ክር የተያያዘ ስለሆነ መቀስ ባረፈበት ቦታ ይተረተራል፤ ከሥሩ ጨርቅ ካልተለጠፈበት ጠርዙን መያዝ አይቻልም። ማለዳ ስለ ኪሱና ስለ ክርኑ ከተናገረችው በኋላ ደግሞ ያን ሹራብ ቁረጥ ብባል እጄ እሺ አይለኝም። ሙሉነቱ ነው ነገሩ።

ቀላል ሻንጣ

ዕቃ ጠባቂ፣ አንድ ነገር እንድጠይቅዎ ይፍቀዱልኝ። ማለዳ ይህን ሹራብ በጥንቃቄ አቆየችው እንበል። ከእርሷ በኋላስ? አንድ ቀን የማያውቃት ሰው ሳጥኑን ይከፍታል፣ የተለጠጠ ኪስ ያለው አሮጌ ሹራብ ያያል፣ ይጥለዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ የእናቴንም በር ያስከፈታት ይኸው ሐሳብ ይመስለኛል።

ዕቃ ጠባቂ

ጥያቄህ የእኛን ሥራ ልቡን የነካ ነው። ክምችት ክፍላችን ውስጥ «ቀሚስ፣ ባለቤቷ ያልታወቀች» የሚል ወረቀት የተያያዘባቸው ልብሶች አሉ። አንዷን በደንብ አስታውሳታለሁ፤ ከወገቧ በላይ በጥንቃቄ እንድትሰፋ ተደርጋ፣ ቆየት ብሎ እንደገና ጠብባለች። ምናልባት ልጅ ተወልዶበታል። ምናልባት ታምማ ከስታ ነው። ሁለቱም የሕይወት ታሪክ ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ሰው የለም። ያን ጊዜ አንድ ሰው በአንድ መስመር ጽፎት ቢሆን ኖሮ!

በተቃራኒው የሂሮሺማውን የሰላም መታሰቢያ ሙዚየም ተመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 6 ቀን 1945 ቦምቡ በወደቀበት ዕለት ተማሪዎች የለበሷቸው የተቃጠሉና የተቀዳደዱ የደንብ ልብሶች እዚያ አሉ። ብዙዎቹን ቤተሰቦቻቸው ለዓመታት በቤታቸው አቆይተው፣ ከዚያ ለሙዚየሙ አስረክበዋቸዋል። ሲያስረክቡም ማን እንደለበሰው፣ ልጁ የት እንደነበረ፣ ማን እንዳገኘው ተናግረዋል። ዛሬ በመስታወቱ ፊት የሚቆም ጎብኚ የሚያየው ጨርቅ ብቻ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስም ያለው ልጅ ያያል።

ስለዚህ ማለዳ፣ ከቅዝቃዜውም ከወረቀቱም በፊት ልታደርጊው የሚገባሽ ሥራ አለ። ለእኛ የጻፍሽውን፣ የኪሱን፣ የጥቁሩን ቁልፍ፣ የክርኑን ነገር፣ ለሹራቡ ጻፊለት። እህትሽንም ጠይቂ፤ አንቺ የማታውቂውን ታውቅ ይሆናል። ፎቶግራፍም አንሺው፣ ኪሶቹንም ሳይቀር።

ኪሶቹን ካነሣሁ ገበሩንም ሆነ ስፌቱን በጣትሽ ዳብሺ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ብሌዝ ፓስካል በ1662 ሲሞት አገልጋዩ በልብሱ ገበር ውስጥ የተሰፋ ነገር ጣቱን ነካው። ሲተረተር ኅዳር 23 ቀን 1654 ሌሊት የደረሰበትን መንፈሳዊ ነገር የጻፈበት ብራናና ወረቀት ተገኘ። በሕይወት ሳለ ማንም ስለ ጽሑፉ አያውቅም ነበር። ልብሱ ሳይፈተሽ ቢሰጥ ወይም ቢጣል ኖሮ ያ ሌሊት አብሮት ይጠፋ ነበር። ሹራብ ገበር የለውም፤ ግን የሌሎቹን ልብሶች ገና ያልሰጣችኋቸው ካሉ ይህን ሳታደርጉ አትስጡ።

የቁም ሳጥን ቁልፍ

ዕቃ ጠባቂ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአባቴን ሻርፕ ዛሬ አውጥቼ ስለ እርሱ የማውቀውን መጻፍ ጀመርሁ። ሽታው ከሄደ ወዲህ ምንም የቀረው አይመስለኝም ነበር። አንደኛው ጫፍ ላይ ዘርፉ ተነቅሏል፤ እያሰበ በጣቱ የሚጠመዝዘው ያን ጫፍ ነበር። ይህ በሳሙና አልሄደም።

ማለዳ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ይህን ገጽ ለእህቴ ላክሁላት፤ ስታነበው አመሸች፣ ከዚያ ደወለችልኝ። ሹራቡ አይታጠብም፤ ተስማምተናል። ማቀዝቀዣ የምታውሰን ጎረቤት አግኝታለች።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ስለ ክርኑ ያወቅሁትን ልጽፍ ብዬ «እናታችን ራሷ የደፈነችው» ስላት እህቴ ዝም አለች። ከዚያ «እናታችን አይደለችም፤ አባባ ነው» አለችኝ። እኔ ትንሽ ነበርሁና አላስታውስም። እናታችን ታምማ ተኝታ በነበረበት ክረምት አባታችን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ መርፌ ይዞ የማያውቅ ሰው፣ ያን ክርን ሲደፍን አይታዋለች። ክሩ የፈካው ትክክለኛውን ቀለም ለይቶ ባለማግኘቱ ነው። እናቴ ስትድን አላስፈታችውም፤ እስከ መጨረሻው እንዲሁ ለበሰችው። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ያን ጥፍ በእርሷ እጅ ስም ስወደው ኖሬያለሁ። አሁን ደግሞ አባቴም ሹራቡ ውስጥ አለ።

ስለ ጥቁሩ ቁልፍ ሁለታችንም አናውቅም። አክስታችንን እንጠይቃለን፤ እርሷ በሕይወት አለች፣ ማስታወሷም ጥሩ ነው።

ባለ መርፌ

አክስትሽን በዚህ ሳምንት ጠይቂ፣ ልጄ። ሹራቡንም ይዘሽላት ሂጂ፤ በእጇ ስትዳስሰው በስልክ የማትነግርሽን ትነግርሻለች። ጥቁሩ ቁልፍ የተሰፋበትን ክርም ተመልከቺው። በክርኑ ላይ ካለው ክር ጋር አንድ ከሆነ፣ ቁልፉንም የሰፋው አባትሽ ሊሆን ይችላል።

ዕቃ ጠባቂ

የምትጽፊውን በእርሳስ ጻፊው፣ በቀለም አይሁን፤ ቀለም እርጥበት ሲነካው ወደ ሱፉ ይሰርጋል። ወረቀቱን በስፒል አታያይዢው፤ ስፒል ይዝጋል። ከሹራቡ ጋር በዚያው ሳጥን ውስጥ፣ በራሱ ፖስታ አኑሪው፤ ሌላ ቅጂ ለእህትሽ ስጫት። ከእያንዳንዱ ነገር ጎን ማን እንደነገረሽና መቼ እንደነገረሽ ጨምሪበት። የአክስትሽ ቃል ከእህትሽ ቃል ጋር ባይስማማ ሁለቱንም እንዳሉ ጻፊያቸው፤ አንዱን መርጠሽ ሌላውን አትሰርዢ።